28 ሰራተኛ ላለው ቢሮ በአንድ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽኖች፦ ዲስኩን፣ ራሙንና መብራቱን እንዴት ላቅደው?

ጠያቂ፦ ቋሚ_አይፒ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ላለ 28 ሰራተኛ ላለው የንግድ ድርጅት ሰርቨር እያዘጋጀሁ ነው። አሁን ሁሉንም ስራ የተሸከመው ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 የተጫነበት አንድ የቆየ ማሽን ነው። ዶሜይን ኮንትሮለሩም (የሰራተኛውን መለያና ፓስወርድ የሚያረጋግጠው)፣ ፋይል ሼሪንጉም፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪም፣ ፕሪንተሩም እዚያው ላይ ነው፤ አንዱን ለማስተካከል ሪስታርት ሲደረግ ቢሮው በሙሉ ይቆማል።

የተገዛው ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ ቲ440 ነው፦ አንድ ዚዮን ሲልቨር 4210 (10 ኮር)፣ 64 ጊጋ ራም፣ ፐርክ ኤች730ፒ የሬድ ካርድ (ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ የሚያደርግ)፣ አራት ባለ 4 ቴራ ሳታ ሃርድ ዲስክና ሁለት ባለ 960 ጊጋ ኤስኤስዲ። ላስኬድበት ያሰብኩት ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ፋይል ሰርቨር፣ ፒችትሪ፣ የጣት አሻራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ በሊኑክስ የሚሰራ የስቶር መመዝገቢያ፣ እና ከተቻለ የ12 ካሜራ ቀረጻ ነው።

ጥያቄዎቼ፦ አንዱን ሰርቨር ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ለመከፋፈል ከሃይፐርቫይዘሮቹ የቱን ልጫን፣ ሃይፐር-ቪ፣ ፕሮክስሞክስ ወይስ ኢኤስኤክስአይ? አራቱን ዲስክ ሬድ 5 ባደርገው ምን ችግር አለው? ራሙን እንዴት ላከፋፍል? አለቆቼ ሌላ ያገለገለ ሰርቨር ተጨምሮ ክላስተር (አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካበት ጥምረት) ይሁን ይላሉ፤ ያዋጣል? ዩፒኤሱ 1500 ቪኤ ነው፤ መብራት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ ጄኔሬተርም አለ።

መልስ 1፦ ሆስት_ጠባቂ

ከሶፍትዌሩ በፊት ላይሰንሱን ቁጠር፤ ስንት ቪኤም እንደሚኖርህ የሚወስነው እሱ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የሚሸጠው በኮር ሲሆን ማሽኑ 10 ኮር ቢኖረውም ከ16 ኮር በታች አይገዛም። ያንን ስትገዛ በዚያ ሰርቨር ላይ ሁለት የዊንዶውስ ሰርቨር ቪኤም የማስነሳት መብት ታገኛለህ። ሦስተኛና አራተኛ ካስፈለገህ ያንኑ 16 ኮር መድገም ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ምንም ይሁን ምን ሂሳቡ አንድ ነው። ሃይፐር-ቪ ከሆነ ሆስቱ (ቪኤሞቹን የሚሸከመው ማሽን) ላይ ያለው ዊንዶውስ ቪኤሞቹን ከማስተዳደር ውጭ ስራ ሊሰጠው አይገባም፤ ፋይል ሼሪንግ ከጨመርክበት ከሁለቱ መብት አንዱን ይበላዋል። የተጠቃሚዎቹ ላይሰንስ ደግሞ ለብቻው ነው፣ ፕሮፎርማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ስለዚህ በሁለት ዊንዶውስ ተብቃቃ። አንደኛው ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ይሁን፣ ዲኤንኤስና ዲኤችሲፒ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውና አይፒ የሚያድለው) እዚያው፤ ሌላ ነገር አይጫንበት። ሁለተኛው ፋይል፣ ፕሪንተር፣ ፒችትሪና የጣት አሻራው ሶፍትዌር። የስቶሩ ሊኑክስ ሦስተኛ ቪኤም ይሆናል፣ ከዚህ ላይሰንስ ጋር አይገናኝም።

ኢኤስኤክስአይን እኔ ለእንዲህ ዓይነት ቢሮ አልመርጠውም። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ከገዛ በኋላ ነጻው እትም በ2024 ተቋረጠ፣ በ2025 ደግሞ ተመለሰ። ነጻው ቢመለስም የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚገቡበት መንገድ ዝግ ነው። ፕሮክስሞክስ ነጻ ነው፣ ባክአፑም አብሮት አለ። ከጫንከው በኋላ አፕዴት ስታደርግ 401 የሚል ስህተት ከመጣ አትደንግጥ፤ የሚከፈልበትን ሪፖዚተሪ (የአፕዴት ምንጭ) አጥፍተህ ያለ ክፍያ የሚሰራውን ከሜኑው ጨምር። ቢሮው ውስጥ አንተን የሚተካው ሰው ሊኑክስ የማይነካ ከሆነ ግን ሃይፐር-ቪ ምንም አይልም። የመረጥከው አንተ ብቻ የምትከፍተው ነገር እንዳይሆን ነው።

የድሮውን 2012 አር2 እንዳለ ወደ ቪኤም ገልብጠህ አታስነሳው። ድጋፉ ኦክቶበር 10፣ 2023 አብቅቷል፤ ዶሜይን ኮንትሮለርን መገልበጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ ቪኤም ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ጫን፣ ዶሜይኑ ውስጥ ተጨማሪ ኮንትሮለር አድርገው፣ አምስቱን የፍስሞ ሮሎች (እያንዳንዳቸው በአንድ ኮንትሮለር ብቻ የሚያዙ ልዩ ኃላፊነቶች) አዙር፣ ከዚያ አሮጌውን አውርደው። በቀጥታ 2025 ለማስገባት ብትሞክር አይሆንም፦ 2025 የዶሜይኑ ፈንክሽናል ሌቭል (የሚሰራበት የእትም ደረጃ) ቢያንስ 2016 እንዲሆን ይፈልጋል፣ 2012 አር2 ኮንትሮለር እያለ ደግሞ ያ ሌቭል ላይ መውጣት አይቻልም። ዶሜይኑ ከ2003 ዘመን ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ከሆነ ሲስቮል (ኮንትሮለሮቹ የሚጋሩት ፎልደር) የሚገለበጠው በአሮጌው ኤፍአርኤስ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ዲኤፍኤስአር ማዞር ግድ ነው። ያለዚያ ከ2019 ጀምሮ ያሉት እትሞች ኮንትሮለር መሆን እምቢ ይላሉ።

ካሜራውን እርሳው። ሂሳቡ ይኸውልህ፦ 12 ካሜራ እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት ቢልክ 48 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 6 ሜጋባይት ነው። በቀን 518 ጊጋ፣ በ30 ቀን 15 ቴራ ተኩል ይሆናል። አራቱ ዲስኮችህ በሬድ 5 (12 ቴራ) ሙሉ በሙሉ ቢሰጡትም አይበቃውም። ከዚያ በላይ ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ ሲጽፍ የሌሎቹን ቪኤሞች ዲስክ ያንቀዋል። የራሱ ዲስክ ያለው መቅረጫ ሳጥን ይሻልሃል።

መልስ 2፦ ዲስክ_ቆጣሪ

ሰው ሰርቨር ሲገዛ ኮር ይቆጥራል፤ ቨርቹዋል ማሽን ሲንፏቀቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዲስክ ነው። ባለ 7200 ዙር ሳታ ዲስክ በሰከንድ ከ75 እስከ 100 የሚሆን ተራ በተራ ያልሆነ ንባብና ጽሑፍ ነው የሚችለው። አራቱ ሲደመሩ በትንሹ 300 በለው። ሬድ 5 ላይ እያንዳንዷ ትንሽ ጽሑፍ አራት ስራ ትሆናለች (አሮጌውን ዳታ ማንበብ፣ ፓሪቲ የሚባለውን የመጠገኛ ሂሳብ ማንበብ፣ ሁለቱንም መልሶ መጻፍ)፣ ስለዚህ የሚቀርህ 75 ነው። ሬድ 10 ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚጻፍ 150 ይቀርሃል። ቦታው ከ12 ቴራ ወደ 8 ቴራ ይወርዳል፤ ለ28 ሰው ፋይል 8 ቴራ ከበቂ በላይ ነው። ሌላው ነገር አንድ ዲስክ ሲሞት ነው፦ ሬድ 5 የተተካውን 4 ቴራ ለመሙላት የቀሩትን ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ ዲስኮቹ ደግሞ እኩል ያረጁ ናቸው። ያን ሰዓት ሁለተኛው ከተበላሸ ሁሉም ሄደ።

አከፋፈሉን እንዲህ አድርገው። ሁለቱ ኤስኤስዲ በሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ)፣ ሆስቱና የሁሉም ቪኤም ሲስተም ዲስክ እዚያ ላይ፦ ዶሜይን ኮንትሮለር 80 ጊጋ፣ ሁለተኛው ዊንዶውስ 150 ጊጋ፣ የፒችትሪ ዳታ ለብቻው 50 ጊጋ፣ ሊኑክሱ 40 ጊጋ። ድምሩ 320 ነው። የሰራተኛው ፋይል 2 ቴራ ሆኖ ሬድ 10 ላይ ይቀመጥ፣ ሲያስፈልግ ይጨመራል። ማስፋት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ ማሳነስ ግን ራስ ምታት ስለሆነ ከመጀመሪያው አታብዛው።

አሁን ወሳኙ ነገር። ዜድኤፍኤስ (ሬዱን በሶፍትዌር የሚሰራ የፋይል ሲስተም) ትጠቀማለህ ወይስ የካርዱን ሬድ? ሁለቱን አትደርብ። ዜድኤፍኤስ ከሆነ ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት አለበት፤ ኤች730ፒ ወደ ኤችቢኤ ሞድ (ዲስኮቹን እንዳሉ ወደሚያሳልፍበት) ይቀየራል፣ ነገር ግን ያሉት ቨርቹዋል ዲስኮች አስቀድመው መሰረዝ ስላለባቸው ከመጫንህ በፊት ወስን። የካርዱን ሬድ ከመረጥክ ደግሞ አይድራክ (የዴል ሰርቨርን ከርቀት የሚቆጣጠሩበት ገጽ) ውስጥ ገብተህ የካርዱን ባትሪ እይ። ያገለገለ ሰርቨር ላይ ባትሪው ሞቶ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ሲሞት ካርዱ ራሱ ከራይት-ባክ (በካሽ ይዞ ቆይቶ ከሚጽፍበት) ወደ ራይት-ስሩ (በቀጥታ ዲስክ ላይ ወደሚጽፍበት) ይዞርና መጻፍ በአንድ ጊዜ ይንቀራፈፋል። ሰው ዊንዶውሱን ሲያሽ ይውላል፣ ጥፋቱ የጣት ያህል ባትሪ ላይ ነው።

ኤስኤስዲዎቹም ምን ዓይነት እንደሆኑ ሞዴል ቁጥራቸውን እይ። መብራት ሲቋረጥ በካፓሲተር ተደግፎ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስ የዳታ ሴንተር ኤስኤስዲ ነው የሚፈለገው። የዴስክቶፕ ኤስኤስዲ ላይ ዳታቤዝ «በእርግጥ ተጽፏል?» እያለ ሲጠይቅ ዜድኤፍኤስ በየጊዜው እስኪጻፍ ይጠብቃል፣ ፍጥነቱም ከሃርድ ዲስክ ብዙም አይሻልም። ቶሎም ያልቃል።

ራሙ አያሳስብህም። ለሆስቱ 4፣ ለዶሜይን ኮንትሮለሩ 4፣ ለሁለተኛው ዊንዶውስ 16፣ ለሊኑክሱ 4፤ 28 ጊጋ ነው። ዜድኤፍኤስ በአዲሶቹ ፕሮክስሞክሶች ከ8.1 ጀምሮ ሲጫን ከራሙ 10 በመቶ ነው ለካሽ የሚወስደው፣ እዚህ ወደ 6 ጊጋ ተኩል። ከዚያ በፊት በነበሩት ግማሹን ይወስድ ስለነበር የድሮ መመሪያ አንብበህ አትፍራ፤ እንዲያውም ለፋይሎቹ ስለሚጠቅም ወደ 16 ብታሳድገው ጥሩ ነው። ኮር ላይ 2፣ 4 እና 2 ስጥ። «ፈጣን ይሁን» ብሎ ለአንዱ ቪኤም 10 መስጠት ሌሎቹን ማስጠበቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቲን ፕሮቪዥን (ቪኤሙ የጻፈውን ያህል ብቻ ቦታ የሚይዝ ዲስክ) ላይ ካለው ቦታ በላይ ከመደብክና ቦታው 100 በመቶ ከሞላ ቪኤሞቹ በአይ/ኦ ስህተት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። 80 በመቶ ሲደርስ ኢሜል እንዲመጣ አድርግ። ቪኤሙ ዲስክ ላይ ዲስካርድ የሚለውን ምልክት ካላደረግህ የተሰረዘ ፋይል ቦታውን አይመልስም።

መልስ 3፦ መብራት_መጣ

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፣ እኔ የምጨምረው ስለ መብራቱ ነው። 1500 ቪኤ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ጀርባውን ገልብጠህ ዋቱን፣ ክዳኑን ከፍተህ ባትሪውን እይ። ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 216 ዋት-ሰዓት ነው፤ በፍጥነት ሲለቀቅና ኢንቨርተሩ ሲያባክን ግማሹ ነው የሚደርስህ። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩ 250 ዋት ከወሰዱ ባትሪው አዲስ ሳለ 25 ደቂቃ አካባቢ ይሰጥሃል፣ ሦስት ዓመት በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ግን በደቂቃዎች ይወድቃል። ባለ 17 አምፒር-ሰዓት ሁለት ባትሪ ያለው እጥፍ ገደማ ነው። ርካሾቹ ዩፒኤሶች ከባትሪ የሚያወጡት ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ አንዳንዴ በመቀያየሪያዋ ቅጽበት ይጠፋል። ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ያስፈልግሃል።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ዩፒኤሱ አልቀበልም ብሎ ባትሪ ላይ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ጄኔሬተሩ 50 ኸርዙን አልጠበቀም ማለት ነው። የዩፒኤሱን ሴንሲቲቪቲ ዝቅ አድርግ፣ ጄኔሬተሩም ይስተካከል።

ፕሮክስሞክስ ከመረጥክ የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ገመድ ሆስቱ ላይ ሰካና ነት የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንበት። ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ መብራት ከሄደ 5 ደቂቃ ሲሞላው ይዘጋ። ዊንዶውስ ቪኤሞቹ ላይ የኪውኢኤምዩ ጌስት ኤጀንት መኖር አለበት፣ አለበለዚያ ዝጋ የሚለው ትእዛዝ ላይሰማ ይችላል፣ ያኔ ሆስቱ 180 ሰከንድ ጠብቆ በግድ ያጠፋቸዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን «እንደነበረው» ላይ ካደረግከው፣ ሰርቨሩ በስርዓት ተዘግቶ ስለነበር «የነበረው» ጠፍቶ ነው፤ ስለዚህ አይነሳም። «ሁልጊዜ ይነሳ» አድርገው፣ ከነ መዘግየቱ 2 ደቂቃ። ሌላው ደግሞ ሰርቨሩ እየተዘጋ ሳለ መብራቱ ቢመጣ፦ ዩፒኤሱ መውጫውን ካልቆረጠው ለሰርቨሩ መብራት ሄዶ የመጣ አይመስለውም፣ ጠዋት ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ተዘግቶ ያድራል። ነት መጨረሻ ላይ ዩፒኤሱን መውጫህን ቁረጥ ብሎ እንዲያዘው ማድረግ ይቻላል፣ አድርገው። ከዚያ በእውነት ሶኬቱን ነቅለህ ሞክረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም በሌለበት።

የአነሳስ ተራ፦ መጀመሪያ ዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ 120 ሰከንድ ቆይቶ ሁለተኛው ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሊኑክሱ። ሆስቱ ራሱ ቋሚ አይፒ ይኑረው፣ ዲኤንኤሱም ወደ ራውተሩ ያመልክት። ዶሜይን ኮንትሮለሩ በሆስቱ ውስጥ ስላለ፣ ሆስቱ ስም ለማወቅ እሱን የሚጠብቅ ከሆነ ሁለቱም ይጠባበቃሉ። የሰራተኛው ኮምፒውተር ግን በተቃራኒው ነው፦ ዲኤንኤሱ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ብቻ። «ለመጠባበቂያ» ብሎ የጉግልን አራት ስምንት (8.8.8.8) መጨመር ፕሪንተር ጠፋ፣ ሎጊን ዘገየ የሚሉ ስልኮችን መጥራት ነው። ኢንተርኔቱን ኮንትሮለሩ ራሱ ወደ ውጭ አሳልፎ ይጠይቅላቸዋል።

ሰዓትም አለ። ከርቤሮስ (የዶሜይኑ የሎጊን ማረጋገጫ) ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ከፍስሞዎቹ አንዱ የሆነው የፒዲሲ ሮል ያለው ኮንትሮለር ሰዓቱን ከኢንተርኔት የኤንቲፒ (የሰዓት) ሰርቨር ይውሰድ፤ ሃይፐር-ቪ ከሆነ ለዚያ ቪኤም የሆስቱን የሰዓት ማመሳሰል አጥፋ። ፕሮክስሞክስ ላይ ቪኤሙን ስትፈጥር የኦኤሱን ዓይነት ሊኑክስ ብለህ ዊንዶውስ ከጫንክበት ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። (6 ሰዓት ከሆነ ግን የቢሮው ግድግዳ ሰዓት ነው፣ አትንካው።)

መልስ 4፦ ኬብል_ሳቢ

ክላስተሩን በተመለከተ አለቆችህን እንዲህ በላቸው። ሁለት ሰርቨር ያለው ክላስተር ድምጹ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብዙኃን ስላልሆነ ቪኤም ማስነሳት ይከለከላል። ሦስተኛ ድምጽ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ያስፈልጋል፣ ዲስኮቹም በየጊዜው ወደ ሁለተኛው መገልበጥ አለባቸው፣ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ቪኤሞቹ ሲነሱ የዊንዶውስ ላይሰንሱ እዚያም መሸፈን አለበት። በዚያ ብር የባክአፕ ማሽን ይሰራ። የድሮው ሰርቨር ባዶ ሲሆን ሁለት አዲስ ባለ 4 ቴራ ዲስክ ክተትበትና ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ጫንበት።

የመጀመሪያው ባክአፕ 1 ቴራ ተኩል ቢሆን በ1 ጊጋቢት መስመር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ነው የሚሄደው። ቪኤሙ ተዘግቶ ከተነሳ ግን የለውጡ መዝገብ ስለሚጠፋ በሚቀጥለው ሌሊት ዲስኩን እንደገና ሙሉ ያነበዋል፤ መብራት በሄደ ማግስት ባክአፑ ረዘመ ብለህ አትጠራጠር። 7 የቀን፣ 4 የሳምንት፣ 6 የወር ቅጂ ይቀመጥ። ይህ ማሽን ዶሜይኑ ውስጥ አይግባ፣ ፓስወርዱም ሌላ ይሁን፤ ራንሰምዌር የአድሚን አካውንት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባክአፑ ነው። ከዚያ በላይ ሁለት የውጭ ዲስክ በየሳምንቱ እየተቀያየረ ከቢሮ ውጭ ይደር። በወር አንድ ጊዜ አንዱን ቪኤም በአዲስ ቁጥር መልሰህ፣ የኔትወርክ ካርዱን ነቅለህ አስነሳውና ፋይል ክፈትበት። ካልነቀልከው ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር በአንድ ስም ይነሳሉ። ስናፕሾት (የቪኤሙ የቅጽበት ምስል) ደግሞ አፕዴት ከማድረግህ በፊት የምትይዘው ነገር ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም፣ እዚያው ዲስክ ላይ ነው ያለው።

ፒችትሪ ላይ፦ ከስሩ ያለው ዳታቤዝ ፐርቬሲቭ ነው፤ ፋየርዎል ላይ ፖርት 3351 እና 1583 ካልተከፈቱ የሰራተኛው ኮምፒውተር የድርጅቱን የሂሳብ ፋይል (ካምፓኒውን) አይከፍትም ወይም ለመክፈት ዘመን ይፈጃል። የዳታ ፎልደሩን ከአንቲቫይረስ ቅኝት አውጣ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል ይገናኝ። በዋይፋይ አይሞከርም፤ መሀል ላይ ሲቆራረጥ ዳታውን ያበላሻል። የሌሊቱ የቪኤም ባክአፕ እንዳለ ሆኖ፣ ማታ ሁሉም ከወጡ በኋላ በፒችትሪው በራሱ ባክአፕ ይያዝ፤ ሒሳብ ሹሙ አንድ ቀን ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ሲፈልግ የምትጠቀመው እሱን ነው።

ኔትወርኩን ከአሁኑ ለይ። 192.168.1 የሚለውን ተወው፤ የሁሉም ሰው ቤት ራውተር ያ ስለሆነ ነገ ቪፒኤን ስትሰራ ይጋጫል። 10.20 ብለህ ጀምር፦ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ የሚከፋፍል ቁጥር) 10 ለአይድራክ፣ ለሆስቱና ለስዊቾቹ፤ 20 ለሰርቨሮች፤ 30 ለሰራተኛ፤ 40 ለእንግዳ ዋይፋይ፤ 50 ለካሜራና ለጣት አሻራ። ሰርቨሩ ላይ ካሉት ሁለት የኔትወርክ መውጫዎች ወደ ስዊቹ የሚሄደው ፖርት ትራንክ (ሁሉንም ቪላን የሚያሳልፍ) ይሁን፣ ቪኤሞቹን ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው ብሪጅ ላይ ቪላን የሚያውቅ የሚለውን ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ለየቪኤሙ ቁጥሩን መስጠት ብቻ ነው። አይድራክን ከውጭ ኢንተርኔት በፖርት ፎርዋርድ እንዳትከፍተው።

ፕሮክስሞክስ ላይ ዊንዶውስ ስትጭን ዲስክ የለም ካለህ የቪርትአይኦ ድራይቨር ሲዲውን ሁለተኛ ድራይቭ አድርገህ ጨምርና ከዚያ ጫንለት፤ የኔትወርኩንም ድራይቨር አብረህ።

ጠያቂ፦ ቋሚ_አይፒ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ካሜራውን ከእቅዱ አወጣሁት። አይድራኩን ሳየው የካርዱ ባትሪ ወድቋል ይላል። ኤስኤስዲዎቹም የዴስክቶፕ ናቸው። የቱን ልቀይር? የድሮውን ማሽንስ በምን ተራ ላውርደው? ሰራተኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት ሁሉ በድሮው ሰርቨር ስም ነው።

መልስ 5፦ ዲስክ_ቆጣሪ

ኤችቢኤ ሞድና ዜድኤፍኤስ ከመረጥክ ባትሪው አያስፈልግም፣ ገንዘቡን ኤስኤስዲው ላይ አውለው። ያገለገሉ ኢንቴል ዲ3-ኤስ4510 ወይም ሳምሰንግ ፒኤም883 ባለ 960 ጊጋ ፈልግ፤ ሁለቱም ካፓሲተር አላቸው። ስትገዛ በስማርት ሪፖርቱ (የዲስኩ የጤና መረጃ) የቀረው ዕድሜ ስንት እንደሆነ አስከፍተህ እይ፣ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ተወው። የዴስክቶፖቹን ለባክአፕ ማሽኑ ሲስተም ዲስክ አድርጋቸው፣ እዚያ ችግር የለውም።

መልስ 6፦ ሆስት_ጠባቂ

ተራው፦ አዲሱ ኮንትሮለር ይነሳ፣ ሮሎቹ ይዙሩ፣ ዲኤችሲፒው ወደ አዲሱ ይሂድና ለሰራተኛው አዲሱን ዲኤንኤስ መስጠት ይጀምር። ከዚያ ፋይሎቹን በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ) ከነ ፈቃዳቸው ገልብጥ፦ አንዴ በስራ ቀን፣ አርብ ማታ ደግሞ የተለወጠውን ብቻ። ፒችትሪ መጨረሻ ይሁን፣ ባክአፕ አውጥተህ አዲሱ ላይ መመለስ ነው።

ሾርትከቶቹን አንድ በአንድ አትሂድባቸው። የድሮው ማሽን ከኮንትሮለርነቱ ወርዶ ከዶሜይኑ ከወጣ በኋላ የእሱን ስም ለአዲሱ ፋይል ሰርቨር ተለዋጭ ስም አድርገህ መዝግበው፤ ዲኤንኤስ ላይ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ላይም በኔትዶም ትእዛዝ፣ አለበለዚያ ስሙን አልቀበልም ይላል። ሼሮቹም የድሮ ስማቸውን ይያዙ። ከሁሉ በላይ ሳታወርደው ገመዱን ነቅለህ አታስቀምጠው፤ ዶሜይኑ እስካሁን አለ ብሎ ስለሚያስብ ሰራተኛው በሎጊን ጊዜ ሲፈልገው ይውላል፣ አንተም ስሙን በእጅ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪና ከዲኤንኤስ ስታጸዳ ትውላለህ።